ይቆይ ወይስ ይሂድ

ስምንት ዓመቴ ላይ በዓለም ያሉትን ኃጢአቶች በሙሉ በቃሌ እወጣቸው ነበር። ያስጠናችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። ማንኪያ መላስ ኃጢአት ነው። ቤት ውስጥ ማፏጨት ኃጢአት ነው። ከጸሎት በኋላ ጥርስ እስኪታይ መሳቅ ኃጢአት ነው፤ ከጸሎት በፊት ከሆነ ግን ያስቆጣል እንጂ አያስኮንንም። ቀይ ካልሲም ኃጢአት ነበር፤ እሷ ራሷ ቀይ ካልሲ የገዛችልኝ ዓመት ግን ተሰረዘ። ዝርዝሩ እንዲህ በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ አክስቴን ሳላገኝ ሁለት ቀን ካለፈኝ ሳላውቀው የምኮነን ይመስለኝ ነበር።

እናቴ በዚህ ትምህርት ደካማ ነበረች። «እማዬ፣ ማንኪያ መላስ ኃጢአት ነው አይደል?» ስላት፣ «ማር ያለበት ከሆነ አለመላሱ ነው ኃጢአቱ» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሥራዋ ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው ፎቶ ቤት ውስጥ ነበር። ፎቶ አንሺው ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል ዝምተኛ ሽማግሌ ነው። እሱ ያነሳል፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ ፊልሙን ያጥባል፤ የደረቀው ኔጋቲቭ ከዚያ ወደ እናቴ ጠረጴዛ ይመጣል። ጠረጴዛዋ ዘመም ያለ መስታወት ነው፤ ከሥሩ መብራት በርቶበታል። ኔጋቲቭ ላይ ዓለም እንዳለ ይገለበጣል። ጥርስ ይጠቁራል፣ ፀጉር ይነጣል፣ ፊት ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ ደግሞ ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት ትሆናለች። እናቴ ያችን መስኮት እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ነካ ነካ እያደረገች ትደፍናታለች። ፎቶው ሲታተም ነጥቧ የለችም። ከተሳሳተች በአኳራጅ፣ ያው ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት ማቅጠኛ፣ የነከረችውን ጥጥ ታሻሽበታለች፤ እርሳሱ ሁሉ ለቆ ፊቱ እንደተፈጠረ ይመለሳል።

ሰፈሩ «ፊት ጠራጊዋ» ይላታል። እሷ ግን ማንንም ሳትጠይቅ ጠርጋ አታውቅም። ደንበኛው ሊከፍል ሲመጣ ጣቷን ወደ ፊቱ ጠጋ አድርጋ፣ «ይቺ ትቆይልዎ ወይስ ትሂድልዎ?» ትላለች። አንዳንዱ ነገርየውን እስካሁን እንዳላየው ሆኖ ይደነግጣል። አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ቅንድቡ ላይ ያለውን ስንጥቅ ስታሳየው፣ «ትቆይ! ወንድሜ በድንጋይ የፈነከተኝ ናት፤ እሱ አሁን ሚኒስትር ሆኗል» ብሎ አስቆይቷታል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታዬ ከጠረጴዛዋ ሥር ነበር፤ እዚያ ሆኜ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ማን ምኑን እንዳስቆየና ምኑን እንዳሰናበተ እሰማለሁ።

አባቴ የሞተው ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። የጸሎት ቤታችን የአስተናጋጆች ኃላፊ ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ገቢውን ሁሉ እጅ እየነሳ የሚያስገባ፣ አሮጊቶችን ክንዳቸውን ይዞ የሚያስቀምጥ መልከ መልካም ሰው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ትከሻው ላይ ሲሰቅለኝ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በላይ ነበርኩ። ስለ እሱ ክፉ ነገር አላስታውስም። ክፉ የነበረው ቁም ሣጥናችን ነው። በሩ በየጊዜው እናቴን ይመታታል፤ አንዳንዴ ክንዷን፣ አንዳንዴ ፊቷን። አክስቴ ስትመጣ እናቴን አየት ታደርግና፣ «ኧረ አንቺ ይሄን ቁም ሣጥን አስጠግኚው» ትላታለች። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ግድግዳውን ታክኬ ነበር የምሄደው። አባቴ ከሞተ በኋላ ግን ማንም ሳይጠግነው ጠባዩን አሳመረ።

ነገሩ የተጀመረው በሙሽራ ነው። አክስቴ በፎቶ ቤቱ በር ስታልፍ የአንዲት የጎረቤት ልጅ የሠርግ ፎቶ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ አየች። አየችና ቆመች። የልጅቷ ከንፈር ጥግ ላይ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ጥቁር ነጥብ ነበረች፤ ፎቶው ላይ የለችም።

«አንቺ!» ብላ ገባች። «የእግዜርን ሥራ ማረም ጀመርሽ?»

«እትዬ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» አለች እናቴ እርሳሷን አስቀምጣ። «ልጅቷ ራሷ ናት ትሂድልኝ ያለችው።»

«እሷ ማን ናትና? ያስቀመጠው ሌላ፣ ትሂድልኝ ባይዋ ሌላ!»

«ፊቷ ነዋ።»

«ይኸው!» አክስቴ ወደ ጋሼ ዞረች፤ ጋሼ መነጽሩን ማጽዳት ጀመረ። «ይሄ ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው። የወንድሜ ልጅ ኃጢአት ሥር ተቀምጣ አታድግም!» በጣቷ ያመለከተችው ወደ እኔ ነበር።

ቀና ብዬ የጠረጴዛውን ሆድ አየሁት። አንድ ምስማርና አንድ የደረቀ ማስቲካ ብቻ ነው ያለው። ማስቲካ ማኘክም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ይህችኛዋ የእኔ ናት።

በማግስቱ አክስቴ ቤቷ ወሰደችኝና አንድ ክፍል ከፍታ አሳየችኝ። አልጋ ተነጥፏል። አንሶላው አዲስ ነው፤ ትራሱ ላይ ዳንቴል አለ፤ ወንበሩ ሳይቀር ፕላስቲክ ለብሷል። «ይሄ ያንቺ ነው፣ ሚጣዬ» አለችኝ ፀጉሬን እየዳበሰች። አክስቴ ልጅ አልወለደችም። አሁን ሳስበው ያን አንሶላ ስንት ጊዜ አንጥፋ ስንት ጊዜ እንዳነሳችው እግዜር ይወቅ። ያኔ ግን የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ እግር ማወራጨት ኃጢአት መሆን አለበት። ቤቴ ስመለስ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ይዤ አለቅም አልኩ።

ጉዳዩ ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ቀረበ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጡ፤ ሰባኪው፣ ጥርስ ሐኪሙና ጨርቅ ነጋዴው። ሶፋችን ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ሦስቱም በማዕረግ እኩል ስለሆኑ ግን ወደ ወንበር የሚወርድ ጠፋና ተጣበው ተቀመጡበት። አክስቴ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እናቴ ሻይ ለመቅዳት እንደቆመች ቀረች። እኔ በሩ ጋ ነኝ።

«ጉዳዩ ቀላል አይደለም» አሉ ሰባኪው። «ፊት ማለት ፊርማ ነው። የፈጣሪ ፊርማ።»

«ፊርማ የሚሰርዝ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል ይታወቃል» አለች አክስቴ።

ጥርስ ሐኪሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደ ሐኪም ልናገርና፣ ሁሉም ፊርማ አይደለም። አንዳንዱ ሲጽፉ የሚንጠባጠብ ቀለም ነው። ብጉርን ውሰዱ። ፈጣሪ ብጉር ላይ ይፈርማል?»

አይፈርምም ተባለ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ፊት ተከራከሩ፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ ሰባኪው እጃቸውን አንሥተው ውሳኔውን አሳረፉት፦ «የሚመጣና የሚሄድ ይጥፋ፤ የሚኖር ይኑር።»

ሁሉም ተነፈሰ። ጥርስ ሐኪሙ ግን ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «ከዐይን ሥር የሚያብጠውስ?» አሉ። «እሱ ከድካም ነው። ድካም ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ከሚሄደው ወገን ነው ማለት ነው።»

«የእርስዎ ግን ሁልጊዜ አለ» አልኩ እኔ።

አክስቴ እጇን ላከችና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ልጅ በትልልቅ ሰው ጨዋታ መግባቷ በዚያው ቅጽበት ዝርዝሩ ላይ ተጨመረ።

ጨርቅ ነጋዴው ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ። «መጨማደድም እንግዲህ ከሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ መጥቶ የሚሄድ ነው። ጨርቅ እንኳ ሲተኮስ ይዘረጋል።» ይሄም ተፈቀደ።

ሰባኪው አፍንጫቸው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ሽምብራ የምታክል ጥቁር ጉብታ አለቻቸው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሲሰብኩ ከእሳቸው ቀድማ የምትናገር ነው የምትመስለኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ። «የተፈጥሮ ምልክት ግን» አሉ ሰባኪው ቅዝዝ ባለ ድምፅ፣ «የተፈጥሮ ምልክት ነው።»

«ደንበኛው ራሱ ይሂድልኝ ካለኝስ?» አለች እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

«ደንበኛ አይወስንም፣ ልጄ።»

«ፊቱ የእሱ ሆኖ?»

«ሰው የፊቱ ተሸካሚ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም።»

«እና ማነው የሚወስነው?»

ሦስቱ ተያዩ። መልሱን የሰጠችው አክስቴ ናት። «የተቀመጡት ናቸዋ።»

ቆማ የነበረችው እናቴ ብቻ ናት።

እንዲህ ተስማሙ። እናቴ በውሳኔው መሠረት እስከሠራች ድረስ ልጇ ከእሷ ጋር ትኖራለች። ከውሳኔው ውጭ የጠፋ አንድ ምልክት ከተገኘ ግን ልጅቷ ወደ አክስቷ ቤት ትገባለች፤ «ለነፍሷ ሲባል»። ነፍሴ እኔ ሳልጠየቅ ተፈረደባት። እናቴ እሺም እምቢም ሳትል ኩባያዎቹን ሰበሰበች፤ ስታጥባቸው ግን አንዱን ሰበረች።

ሰኞ ዕለት ጥርስ ሐኪሙ ለመታወቂያ ፎቶ መጡ። ከዐይናቸው ሥር ያለው በፈቃድ ጠፋ። ማክሰኞ ጨርቅ ነጋዴው መጥተው ተተኮሱ። ረቡዕ ከሰዓት ደግሞ ሰባኪው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ገቡ። በጸሎት ቤቱ ያገለገሉበት ሃያኛ ዓመት እሁድ ይታሰባል፤ ትልቅ ፎቷቸው አዳራሹ ውስጥ ሊሰቀል ነው። ጋሼ ካነሳቸው በኋላ ወደ እናቴ ጠረጴዛ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ አፍንጫዬ ላይ ያለችው... ባለፈው ክረምት የወጣች መሰለኝ።»

እናቴ ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። «ትቆይልዎ ወይስ ትሂድልዎ?»

ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «የመጣ ነገር መሄዱ አይቀርም። እንግዲህ ጉዞዋን ብናፈጥንላት ማን ይቀየመናል?»

ፊልሙ ታጥቦ እንደደረቀ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ እናቴ እርሳሷን ስታነሳ፣ ያችም ጉብታ ነካ ነካ እየተደረገች ስትደፈን ሰማሁ። ፈራጁ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት፤ ለእኔ ግን ፍርድ ፍርድ ነው። እሁድ አክስቴ ቀና ብላ ታያለች፤ ጉብታዋ የለችም፤ አለቀልኝ። ያ ዳንቴል ያለበት ትራስ ታየኝ።

ሐሙስ ደግሞ አክስቴ ራሷ መጣች። የወንድሟም ፎቶ ከሰባኪው ጎን እንዲሰቀል አስፈቅዳለች። አባቴ ብቻውን የተነሳው ጥሩ ፎቶ ስላልነበረ የመረጠችው ሦስታችን ያለንበትን ነው፤ አባቴ መሃል ላይ፣ እኔ ጉልበቱ ላይ፣ እናቴ ከጎኑ።

«እሱን ብቻ ቆርጠህ አውጣልኝ» አለችው ጋሼን።

ጋሼ ፎቶውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየው። «አይቆረጥም። እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። እሷን ካወጣኋት የሰውዬውን እጅ ይዛበት ትሄዳለች።»

አክስቴ በግድ ተስማማች። እናቴ ከአሮጌው መሳቢያ ኔጋቲቩን አወጣች። አክስቴ ጎንበስ ብላ፣ እኔ የማልሰማ መስሏት፣ «እንደዚያው ነው አይደል? እንዳስተካከልሽው?» አለቻት።

«እንደዚያው ነው፣ እትዬ። እርሳሱ አልለቀቀም።»

እርሳስ አለበት ማለት ነው። በአንድ እሁድ ሁለት ኃጢአት ጎን ለጎን ሊሰቀሉ ነው። እናቴን ከዚህ የሚያወጣት ከእኔ በቀር ሰው አልታየኝም።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ የተማሪዎች ፎቶ ሊያነሳ ሄዷል። እናቴ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። «ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ» ብላኝ በሩ እንደተዘጋ መብራቱን አበራሁ፤ ጥጡን አኳራጅ ውስጥ ነከርኩ። መጀመሪያ ሰባኪውን አሸሁ። ጉብታዋ ወዲያው ብርሃኗን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ የእኛን አነሳሁ። አባቴ ላይ ምንም እርሳስ የለም፤ እኔም ላይ የለም። ያለው እናቴ ላይ ነው። በግራ ዐይኗ ዙሪያ፣ እስከ ጉንጯ፣ ደራርባ ደራርባ ቀብታዋለች። ሰው ለራሱ ሲሆን እንዲህ ያበዛል ወይ ብዬ ታዘብኳት። ጥጡ እስኪጠቁር ድረስ ጠረግኩት።

የበሩ ቁልፍ ሲንቋቋ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የእናቴን ጫማ አየሁ። ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ ቆመ። ኔጋቲቩ ከመስታወቱ ላይ ሲነሳ ሰማሁ። እርሳስ በአሸዋ ወረቀት ላይ ሲሾል ሰማሁ። ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ዳቦው ብቻ ከላይ ሆኖ ይሸታል። በመጨረሻ ፖስታ ሲታሸግ ሰማሁ። «ጋሼ ሲመጣ እነዚህን አትምልኝ ብያለሁ በይው» አለችኝ። ያደረግኩትን አላየችም ብዬ ተነፈስኩ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ሁለቱ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተሰቅለዋል። ንግግር ተደረገ። የሰባኪው ጨርቅ ሲገፈፍ ጭብጨባው ተጀመረና መሃል ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ። ፊታቸውን አራት እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት። ሽምብራዋ ሎሚ አክላለች። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም።

ሰባኪው ፎቷቸውን አዩ፤ ጆሯቸው ቀላ። «ይሄ የማን ሥራ ነው?»

ቀን ወጣልኝ ብዬ ብድግ አልኩ። «የእኔ ነው! እማዬ አጥፍታት ነበር፤ እኔ መለስኳት። የሚኖር ይኑር ብለዋል አይደል?»

ሰው ሁሉ ሰባኪው ማስጠፋታቸውን በዚያው ሰማ። ጥርስ ሐኪሙ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ጨርቅ ነጋዴው ወሬ ለማስቀየር ዘለው ሄዱና የሁለተኛውን ፎቶ ጨርቅ ሳቡት።

አባቴ ነው፤ ያ መልከ መልካም። እኔ ጉልበቱ ላይ ነኝ። እጁ የእናቴ ትከሻ ላይ ነው። የእናቴ ግራ ዐይን ዙሪያው እንዳለ ጠቁሯል፤ ጉንጯ አብጧል፤ ዐይኗ ግማሽ ተጨፍኗል።



የጠቆረው ጥጥ! ጠርጌ ጠርጌ እናቴን አጠቆርኳት! «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት! ጥጡ ቆሽሾ ነበር!» ለቅሶዬ አዳራሹን ሞላው።

አክስቴ ነገሩን ከአፌ ነጠቀችኝ። «ሰማችሁ? ልጅቷ ናት! ልጅ ነካክታው ነው፤ አውርዱት! ወንድሜን በልጅ ጨዋታ...»

እናቴ ተነሳች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እንደ ሥራ ቦታዋ ነው የተናገረችው። «ልጄ ምንም አላበላሸችም። የቀባሁትን ነው ያነሳችው። እትዬ፣ ይህን ፎቶ የተነሳን ዕለት ፎቶ ቤት ይዘሽኝ ሄደሽ፣ የወንድሜ ስም ነው፣ ይሄን አጥፊው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያኔ ኃጢአት ነው አላልሽኝም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እናንተን ልጠይቅ። ይሄ እንግዲህ በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሌላ ይመጣል፤ እሱም ይሄዳል። በውሳኔያችሁ መሠረት ይጥፋ ነው ወይስ ይኑር?»

ሦስቱ ተያዩ። ከሁሉም የቀደሙት ሰባኪው ናቸው። «ይሄ ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆይ።»

«ይቆይ» አለች እናቴ። እጄን ይዛኝ ወጣች።

መንገድ ላይ ስንሄድ፣ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ሰማሽ?» አለችኝ። ሰምቻለሁ፤ ግን አላመንኳትም። ለእኔ ስትል በሕዝብ ፊት የዋሸች ነው የመሰለኝ። እኔ እንዳልወሰድ ብላ የሞተ አባቴን ስም አጠፋች ብዬ አሰብኩ። ወደድኳት፤ ፈራሁላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት ጸሎቴ አንድ ነበር፦ የእናቴን ውሸት ይቅር በል፤ ጥጡን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። በሕይወቷ በአደባባይ ለተናገረችው ትልቅ እውነት እኔ በየቀኑ ምሕረት ስለምንለት ኖርኩ።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አዲስ ውሳኔ አወጡ። አንዳች ምልክት ስላለበት ፎቶ አልተናገሩም፤ በጸሎት ቤት ውስጥ ማንኛውም ፎቶ መስቀል ራሱ ኃጢአት ነው አሉ። ሁለቱም ወረዱ። ግድግዳው ላይ ሁለት የምስማር ቀዳዳዎች ቀሩ፤ ሰው ስብከት ሲሰለቸው እነሱን ያይ ነበር። ስለ እኔ ወደ አክስቴ ቤት መግባት ማንም አላነሳም።

አክስቴ አንድ ወር ቆይታ መጣች። እናቴ ሻይ አቀረበችላት። ቁም ሣጥኑ ፊት ለፊቷ ነው፤ እሷ ግን ወደዚያ አላየችም። እኔ ስኳሩን አማስዬ ማንኪያዬን ከአፌ አስገባሁና ግራ ቀኙን ላስኩት። አየችኝ። አፏ ሊከፈት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ መልሳ ገጠመችውና ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ላይ አንድም ነገር ሲጨመር አልሰማሁም። ስታሳዝነኝ ትዝ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከእናቴ ጎን ሌላ ዘመም ያለ ጠረጴዛ ተገዛልኝና ሙያውን መማር ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጥጤን ሳልቀይር የአንድ ነርስ ኔጋቲቭ ላይ አሽቼ ጥቀርሻ የመሰለ እድፍ ተውኩበት። ጋሼ አትሞ አመጣው። የነርሷ ግንባር ላይ ዱቄት የተደፋበት የመሰለ ነጭ ጠባሳ ወጥቷል።

«ለምን ነጣ? የቆሸሸው እኮ ጠቁሮ ነበር» አልኩ።

«ኔጋቲቭ ነዋ» አለ ጋሼ እያለፈ። «እድፍ ሲታተም ነጭ ነው የሚወጣው። ጥቁር ሆኖ የወጣ ነገር ካየሽ ከሰውየው ጋር የመጣ ነው።»

ይህንን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ጥርስ ይጠቁራል፣ ፀጉር ይነጣል። አውቄው ግን አንድም ቀን ወደዚያ ፎቶ ይዤው አልሄድኩም። ቁም ሣጥኑ ታየኝ፤ ጤነኛው፣ ማንንም ነክቶ የማያውቀው ቁም ሣጥናችን። የአባቴ ሳሙና ሸተተኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይቅርታ የለመንኩት ለሌላ ሰው ጥፋት ነበር።

እናቴ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። ምን እንደደረሰብኝ ሳልነግራት ገባት።

«ዓርብ ዕለት አይተሽው ነበር?» አልኳት። «ዳቦውን ገዝተሽ ስትመለሺ?»

«መርፌ የማታክል ነጥብ አላልፍም፤ ያን አልፈዋለሁ?»

«የሰባኪውንም?»

«እሳቸውማ የሚኖር ይኑር ብለው በገዛ አፋቸው ፈርደዋል። እኔ ማን ነኝና እሽራለሁ?» ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ያንኛውን ግን መልሼ ልቀባው ነበር። እርሳሱን አሹዬ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ እግርሽን አየሁት፤ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቀይ ካልሲሽ ይታያል። ልቀጥል አልቻልኩም።»

«ለምን?»

የነርሷን ኔጋቲቭ ከፊቴ አነሳችና እድፉን በንጹሕ ጥጥ ታሽ ጀመር።

«ሰው ሳልጠይቅ ጠርጌ አላውቅም» አለች። «የዚያችን ከአባትሽ ጎን ያለች ሴትዮ ፊት ግን አጥፊው ሲሉኝ ሳልጠይቃት ነበር ያጠፋሁት። ያን ቀን ጠየቅኋት። ይቆይ አለችኝ።»